ዓሣው ከውሃ ሲወጣ

የልጅ ልጆቼ የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸውን ጮክ ብለው ማንበብ ሲጀምሩ እኔ ቀስ ብዬ ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። «እማማ ጩኸት አይወዱም» ይባባላሉ። ጩኸት ብጠላማ ስድስት ልጅ ባላሳደግሁ። ትናንት ትንሿ ዘይነት ተከትላኝ ወጣችና «እማማ፣ እንግሊዝኛ ምን አድርጎዎት ነው?» አለችኝ።

ምንም አላደረገኝም። ያደረግሁት እኔ ነኝ። በሉ ቅረቡና ተቀመጡ፤ ልንገራችሁ። ለአያታችሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሱ እንኳ አልነገርሁትም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት። እኔ ጀሊላ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ ኑርሑሴን እዚሁ ባሕር ዳር ገበያው አጠገብ ጨው፣ አቡጀዲና ክር ይሸጥ ነበር፤ ዕቃውን በጀልባ እስከ ደልጊ ድረስ ይልካል። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ሴት ልጅ ቁርኣኗን ከቀራች፣ ስሟን ከጻፈች ይበቃታል ባይ ነው። ወረታ ያለ የንግድ ወዳጁ ደግሞ ለልጁ ጠይቆኛል። እናቴ ሐሊማ «ትንሽ ትማር፣ ገና ልጅ ናት» እያለች ስትነዘንዘው አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ ፍርዱን ሰጠ።

«እሺ፣ ትማር። አንደኛ እስከወጣች ድረስ አልነካትም። ከአንደኝነት የወረደች ቀን ግን ወረታ ትሄዳለች። ሁለተኛ ለመውጣት ከሆነ ትዳሯን ትያዝ።»

አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንደኛ መውጣት ነበረብኝ።

እንዴት እንደምወጣ ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤት በፊት ቁርኣን ቤት ነበርሁ። ያስቀሩን የእናቴ ወንድም ሼህ ሙሀመድየሱፍ ናቸው። አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፤ ሁለተኛ ቋንቋዬ ዐረብኛ ሆነ። ሆነ ስላችሁ ግን፣ ዐረብ ቤታችን ቢመጣ ግባ ተቀመጥ ማለት አልችልም። ሎህ በምንለው ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በጥላሸት ቀለም ይጻፍልናል፤ እየተወዛወዝን፣ እየጮኽን እንቀራዋለን። አንዲት ፊደል ሳንስት በቃላችን ስንወጣው አጎቴ «እጠቢ» ይሉኛል። ሎሁን አጥቤ፣ እጣቢውን እግር እንዳይረግጠው ከሎሚው ዛፍ ሥር አፈሰዋለሁ። ከዚያ ሌላ ይጻፍልኛል። ትርጉም አይጠየቅም። «መጀመሪያ ልብ ይያዘው፤ ትርጉሙ ከዕድሜና ከኪታብ ጋር ይመጣል» ይሉ ነበር። ለሳቸው ትምህርት ልክ ነበሩ።

ፈተናውም የራሱ ወግ አለው። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመካከል አንድ ሐረግ ይወረውራሉ፤ ተማሪው ሐረጉን ካለበት ቦታ አንሥቶ መቀጠል ነው። ካመነታ አላወቀም። እኔ አላመነታም፤ ሐረጉ ከአፋቸው ተጨርሶ ሳይወጣ እነጥቃቸዋለሁ። «ይቺ ልጅ ጭልፊት ናት» ይሉኛል። ደስ ይለኛል።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። እስከ ስድስተኛ በአማርኛ ስንማር ኖረን፣ ሳይንሱም ጂኦግራፊውም በአንድ ክረምት ባዕድ ሆኖ ጠበቀን። አምና ሲንጫጫ የነበረው ክፍል ጸጥ አለ። እኔ ግን አልደነገጥሁም። የማላውቀው ቋንቋ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ ብዬ ነዋ። የድሮ ሎሄን ከተሰቀለበት አወረድሁ። የሳይንሱን መጽሐፍ አንድ ገጽ ገለበጥሁበት፤ እየተወዛወዝሁ ቀራሁት፤ በቃሌ ስወጣው አጠብሁት፤ እጣቢውንም እንደ ልማዴ ከሎሚው ሥር አፈሰስሁ። እናቴ አይታኝ «ደግሞ በፈረንጅ ቃልም ሎሚ ታጠጪ ጀመር?» ብላ ሳቀችብኝ።

ታዲያ ሠራልኝ። ፈተናው ላይ የሚመጣው ከመጽሐፉ የተወሰደ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንድ ቃል ይጎድልና ሙሉ ይባላል። ለመሙላት መረዳት አያስፈልገኝም፤ አፌ ያውቀዋል። መቶ ከመቶ። የሳይንስ አስተማሪያችን ጋሽ አገኘሁ ወረቀቴን ከፍ አድርገው ለክፍሉ እያሳዩ «መማር እንዲህ ነው» ይላሉ።

መጽሐፍ ለሁለት ነበር የሚታደለን። ከኔ ጋር የምትካፈለው ፀሐይወርቅ ትባላለች፤ የዳንግላ ወገን የአገው ልጅ። አባቷ እዚህ ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር መጥተው ዘንዘልማ ተቀመጡ፤ ከዚያ በእግሯ እየተመላለሰች ትማራለች። ቤታቸው የሚነገረው አገውኛ ነው። አማርኛን ያገኘችው በስምንት ዓመቷ፣ ከእናቷ ጋር ገበያ ላይ ጌሾ ስትሸጥ ነው። እንዴት እንዳገኘችው ነግራኛለች፤ ጣቷን እየቀሰረች «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» እያለች፣ ሰው እስኪሰለቻት ድረስ። እንግሊዝኛንም በዚያው መንገድ ያዘችው። ከሲሚንቶ ከረጢት የሰፋቻት ደብተር ነበረቻት፤ በአንዱ ወገን የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በሌላው የአማርኛውን ትጽፋለች፤ አማርኛው ሲጠፋት ሥዕል ትሥላለች። በቃል መያዝ አይሆንላትም። ስታስብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አማርኛዋም እዚህም እዚያም ስለሚሰበር ልጆቹ ይስቁባታል። እኔም እስቅ ነበር።

«ጀሊላ፣ እህቴ፣ ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?» ትለኛለች።

«ማንበብ አትችይም እንዴ?»

«ማንበቡንስ አነባለሁ። ምን ማለት ናት?»

«ዝም ብለሽ በቃልሽ ያዥው። መጀመሪያ ልብ ይያዘው።»

«ልብ ያላወቀውን በምኑ ይይዛል?»

«ያንቺ ልብ እንደ አማርኛሽ ቀዳዳ ሆኖ ነዋ» አልኋት። ከኋላችን የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። እሷም ከሰው ላለመለየት ያህል ትንሽ ሳቀችና ደብተሯን አጠፈች።

ልጆቼ፣ ያቺን ቃል እኔም አላውቃትም ነበር። መቶ ያገኘሁበት ገጽ ላይ ነበረች።

ግንቦት ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ፤ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጓዶች መጡ። ከነሱ ጋር ሚስተር ማቲው የሚባል ህንድ አብሮ መጣ፤ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ አማርኛ አይሰማም። ጋሽ አገኘሁ ስለ ክፍላቸው ለአውራጃው ብዙ ጽፈው ስለነበር «ጀሊላ ስለ ዓሣ ያለውን ምዕራፍ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፤ ከሰባተኛ ክፍል አንደኛም እሷ ናት» ብለው አስነሡኝ። ሽልማቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ወፍራም የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ስሜም ቀድሞ ተጽፎበታል። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል፤ ከጎኑ አጎቴ ሼህ ሙሀመድየሱፍ።

ጀመርሁ። አንድም ሳልስት ወጣሁት። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አባቴ ዙሪያውን አየት አየት አደረገ።

ሚስተር ማቲው ወደ ፊት ቀረበና ዓይኔን እያየ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ምን እንዳለኝ ዛሬ አውቃለሁ። «ልጄ፣ ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ለምን ይሞታል?» ነው ያለኝ። ያን ጊዜ ከንግግሩ የያዝሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ የዓሣውና የውሃው። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚመጡት ደግሞ በሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ሐረግ ወረወረልኝ ብዬ ነጠቅሁት። ከሦስተኛው መስመር ተነሥቼ እስከ ገጹ ግርጌ ወረድሁ።

ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ። ሰውየው ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ አድርጎ፣ ቃሉን እየነጣጠለ፣ በእጁም ወደ ሐይቁ እያመለከተ ደገመው። ሌላውን ቦታ ነው የፈለገው አልሁና ከአራተኛው ገጽ አንሥቼ ቀጠልሁለት። በመካከሉ የጋሽ አገኘሁን ፊት አየሁት፤ አመድ መስሏል። የሆነ ነገር እንዳጠፋሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግን አልገባኝም፤ አፌም አልቆመልኝም።

ስጨርስ ሚስተር ማቲው በትሕትና ራሱን ነቀነቀልኝና ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ ያንኑ ጠየቀ። ከዚያ ፀሐይወርቅ ተነሣች። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለቀመች፣ ውሃ ውስጥ አየር እንዳለ፣ ዓሣው ያንን እንደሚተነፍስ፣ ከውሃ ሲወጣ መተንፈሻው እንደሚደርቅ ተናገረች። የመተንፈሻው ስም ሲጠፋት በጆሮዎቿ ሥር በጣቶቿ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገች። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ማቲው ግን አልሳቀም፤ ብቻውን አጨበጨበላት።

እኔ እኮ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ። ከታንኳ የወረደ ዓሣ አሸዋው ላይ ጉንጩን ከፈት ዘጋ እያደረገ ሲሞት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በአማርኛ ቢጠይቀኝ ጥርስ ሳላወጣ የማውቀው ነገር ነበር።

ሽልማቱን ተቀበልሁ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወላጅ ስላልነበረ ለነሱ ያሸነፍሁት እኔ ነኝ። አባቴ ለጎረቤቱ «ጠያቂው ደከመ እንጂ እሷስ አልደከመች» ሲል ሰማሁት።

ዳሱ ሳይፈርስ ጋሽ አገኘሁ ወደ ቢሮ ጠሩኝ። በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ነካሽ? ሰውየው የጠየቀሽ አልገባሽም?»

በመስኮቱ በኩል አባቴ መዝገበ ቃላቱን እያገላበጠ ለሰው ሲያሳይ ይታየኛል። መጽሐፉን የያዘው ገልብጦ ነው፤ ፊደሉን አያውቀውማ። አልገባኝም ብዬ ብናገር ወሬው እሱ ዘንድ ይደርሳል፤ ከደረሰ ወረታ ነው። ይህን አሰብሁና አፌን ከፈትሁ።

«ፀሐይወርቅ ናት፣ ጋሼ» አልሁ። «ፊት ለፊቴ ሆና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አጠፋችብኝ። መልሱንም ከኔ ነው የሰማችው። ቀድማኝ ልትናገር ብላ ነው።»

ጋሽ አገኘሁ ረዘም አድርገው አዩኝ። ያመኑኝ አይመስለኝም። ግን ውሸቱ ለሳቸውም አስፈለጋቸው።

«እንዲህ ከሆነማ እሷ ናት ጥፋተኛዋ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ፀሐይወርቅ በስሟ ተጠርታ ወጣች። ሳይፈቀድላት በመናገሯና ጓደኛዋን በማሰናከሏ ሦስት ጠዋት ጠጠር ላይ እንድትንበረከክ ተፈረደባት። «ምን አጠፋሁ?» አለች በዚያው በሚሰበረው አማርኛዋ። ልጆቹ ሳቁ። ተንበረከከች። እኔ ከሰልፉ ውስጥ ሆኜ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

ማክሰኞ ከትምህርት ስመለስ አጎቴ ከአባቴ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አባቴ ጀልባ ሊያስጭን ወርዷል። ጠጋ በይ አሉኝ።

«ያ ህንድ ምን ብሎ ነው የጠየቀሽ?»

«ፈተነኝ።»

«አልፈተነሽም» አሉ። «እኔ ስፈትን ዓይኔን እጨፍናለሁ። እሱ ዓይንሽን እያየ ነበር። ዓይን እያየ የሚናገር ሰው መልስ ነው የሚፈልግ።»

«እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?»

«አላውቅም። አንቺን ግን አውቃለሁ። ሐረግ ሲወረወርልሽ ትከሻሽ ነው ቀድሞ የሚወዛወዝ።» መቁጠሪያቸውን ጥቂት ቆጠሩ። «ሳይገባን የምንቀራው ለአላህ ነው፤ እሱ ይገባዋል። ለሰው ሳይገባን ብንናገር ግን ማን ይገባዋል?»

የፀሐይወርቅን ነገር አያውቁም፤ አልነገርኋቸውም። «ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ» ብቻ አልሁ። አዘኑብኝ መሰለኝ፤ ቁጣ ግን አልተቆጡም። «እኔ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ያንቺ ነገር ነው» አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት ፀሐይወርቅ ለሦስተኛ ጊዜ ተንበርክካ ሳለች በአጠገቧ አለፍሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትረግመኝ መስሎኝ ጆሮዬን ሰጠሁ። የዓሣውን ምዕራፍ ቃላት ነበር የምትለው፤ አንዱን በእንግሊዝኛ፣ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱንም በአገውኛ፣ እየመለሰች እየመላለሰች። ጉልበቷ ላይ ደም አለ። እሷ እዚያ ጠጠር ላይ ሆና እያጠናች ነው።

ወደ ክፍል መሄዱን ትቼ ቢሮ ገባሁና ለጋሽ አገኘሁ ሁሉንም ነገርኋቸው። የተጠየቅሁት እንዳልገባኝ፤ ሌላውም ምዕራፍ ሁሉ እንዳልገባኝ፤ ልጅቷ ምንም እንዳላደረገች። ቁመው ነበር፤ ተቀመጡ።

«ሌላ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለማንም እንዳትነግሪ። አንደኛ ነሽ የሚለው ወረቀት አውራጃ ሄዷል። ልጅቷን አስነሣታለሁ፤ ነገሩ እዚህ ይቁም።»

ወጥተው «ተነሽ፤ ይቅር ተብለሻል» አሏት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። ያልበደለችው ልጅ አመሰገነች።

እኔስ? ደስ አለኝ። አባቴ ሊሰማ ነው ብዬ ፈርቼ ገብቼ፣ ዝም በይ ተብዬ ስወጣ ደረቴ ቀለለኝ። ልጆቼ፣ እስከ ዛሬ ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው።

ፀሐይወርቅ ጉልበቷን እያራገፈች መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። መጽሐፉን በመካከላችን ከፈተችው። አንድ ቃል ላይ ጣቴን አደረግሁ።

«ይቺ ምን ማለት ናት?» አልኋት።

«ልትፈትኚኝ ነው?»

«አይ። አላውቃትም።»

«ሂጂ እንግዲህ፣ መቶ ያመጣሽባትን።»

«ወላሂ አላውቃትም፣ ፀሐይወርቅ።»

አየችኝ። ከዚያ ያቺን የሲሚንቶ ወረቀት ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ቃሉን፣ ከጎኑም የሣለችውን ሳንባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየጠየቅኋት ተማርሁ። ሎሄን መልሼ ሰቀልሁት። መማር እንደሷ ሲሆን ለካ ከባድ ነው፤ የገባኝ እየበዛ በቃሌ የያዝሁት አነሰ። ስምንተኛ ክፍል አራተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ማን እንደሆነች አልነግራችሁም፤ ታውቃላችሁ። አባቴም ቃሉን ጠበቀ፤ በዓመቱ ወረታ ተዳርሁ። በዚያ አላዝንም፤ አያታችሁ ደግ ሰው ነበር። እውነቱን ግን ለክፍሉም ለሷም ሳልናገር ሄድሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደርግም ወርዶ፣ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስመጣ አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ለሻይ ቆመ። አንዲት ሴት በመስኮቱ ቀና ብላ አየችኝና «ጀሊላ አይደለሽም?» አለች። ፀሐይወርቅ። እዚያው ሐሙሲት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆናለች። አማርኛዋ ከኔ የጠራ። አብረዋት የነበሩትን ሁለት ተማሪዎቿን «ያቺ መጽሐፍ ሙሉ በቃሏ ትወጣ ነበር ያልኋችሁ ይህቺውላችሁ» አለቻቸው። ከዚያ እጄን በመስኮቱ ያዘችው።

«አንድ ነገር ሳልነግርሽ ተዳርሽ» አለችኝ። «ያን ጊዜ ተንበርክኬ ሳለሁ ቢሮ ስትገቢ አይቼሻለሁ። ለምነሽ ያስነሣሽኝ አንቺ ነሽ። ውለታሽ አለብኝ።»

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ምን እንዳልኋት ታውቃላችሁ? «ኧረ ምንም አይደል» አልኋት። እጇን ለቀቅሁና አውቶቡሱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሐሙሲት ባለፍሁ ቁጥር የአውቶቡሱን መጋረጃ እስባለሁ።

ዘይነት፣ ሣጥኑን ክፈችና መዝገበ ቃላቱን አምጪልኝ። ስሜ ያለበት ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ተምረውበታል፤ የኔ ግን አልነበረም። ፀሐይወርቅ ጡረታ ወጥታ እዚያው ሐሙሲት ናት አሉ። ቅዳሜ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ከጎኔ ተቀመጪ። ብቻዬን ከሄድሁ ከአውቶቡሱ ወንበር አልነሣም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሐሙሲት ስንደርስ እጄን ይዘሽ አስነሺኝ።